በቃል ረትቶ በጽሑፍ የሚሸነፍ ተማሪ፦ አመዛዛኝ ድርሰት ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ከባጃጅ ሹፌር ጋር በሂሳብ የማይከራከር ተማሪ አላየሁም። «ትናንት በግማሹ ነው የመጣሁት፤ ደግሞ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ጭነሃል» ይላል። አቋም አለው፣ ማስረጃ አለው። ይኸው ልጅ ክፍል ገብቶ አመዛዛኝ ድርሰት፣ ማለትም አቋም ይዞ በማስረጃ የሚከራከር ጽሑፍ፣ ጻፍ ሲባል ግን እጁ ይተሳሰራል። ባጃጁ ጋ ባላጋራው ፊቱ ቆሟል፤ ወረቀቱ ላይ ማንም የለም። ባላጋራውን ያባረርነው ደግሞ እኛው መምህራኑ ነን። እኔም ለዓመታት ሳባርር ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ የምናባርረው በርዕሱ ነው። «የትምህርት ጥቅም» ብለን ሰጥተን ክርክር እንጠብቃለን። ትምህርት አይጠቅምም የሚል ማን አለ? «ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይሻላል» የሚለውም ቢሆን ከታላቅ ወንድም ደብተር የሚገለበጥ ነው። እኔ አሁን የምሰጠው «ዓሣ በሚራባበት ወቅት ጣና ላይ ማስገር ይከልከል ወይ?» የሚል ነው።

ከመጡልኝ ወረቀቶች አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦ «በክረምት ባርበስ የሚባለው ዓሣ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል። ስለዚህ ማስገር ይከልከል።» ማስረጃው እውነት ነው። መደምደሚያውም ያስኬዳል። መሃሉ ግን ባዶ ነው። ቢወጣስ? ያልተጻፈው ነገር ይህ ነው፦ ዓሦቹ ሊወጡ ሲሉ ወንዙ ሐይቁን የሚገናኝበት አፍ ላይ ይከማቻሉ፤ እዚያ የተዘረጋ መረብ እንቁላል የያዙትን በአንዴ ያፍሳቸዋል። ይህን ሲጽፍ ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል። ታዲያ ክልከላው ለሐይቁ በሙሉ ነው ወይስ ለወንዞቹ አፍ ብቻ? እንግሊዛዊው ፈላስፋ እስቲቨን ቱልሚን በ1958 እ.ኤ.አ. ማስረጃን ከአቋም የሚያገናኘውን ይህን ማያያዣ ራሱን ችሎ የሚታይ ክፍል አድርጎ አስቀምጦታል። እኛ ግን «ማስረጃ ጥቀሱ» ብለን እናቆማለን። እኔ ኅዳጉ ላይ «እና ታዲያ?» ብዬ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ነው ለውጥ ያየሁት።

ተረትና ምሳሌ እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ዝም ብሎ ማለፍም አለ። እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በእጅም በማሽንም ማስወገድ ተሞክሯል፤ ጥሩ መከራከሪያ ነው። አንዱ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ማሽኑ ቶሎ ይግባ ይላል። ሌላው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ይመልስለታል። ማን ረታ? ማንም። ተረት ወግ ያሳምራል እንጂ አያስረዳም።

«በመጀመሪያ፣ በሁለተኛ ደረጃ፣ በመጨረሻም» የሚለውን ቅርጽ በቃል ማስጠናትም ያው ነው፤ ልጁ ባዶ ሣጥን መሙላት ይለምዳል።

ትልቁ ጥፋት ግን ተቃራኒውን ሐሳብ ለይስሙላ ማስጠቀስ ነው። «አንዳንድ ሰዎች ይቃወማሉ፤ ነገር ግን ተሳስተዋል።» እነማን? ምን ብለው? በዚያው የዓሣ ክርክር ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አባቴ እኮ በእነዚያ ወራት ሌላ ሥራ የለውም» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነተኛው ባላጋራ ገና ያኔ ገባ።

በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት «ተጠየቅ» የተባለ ሰው ሳይመልስ አያልፍም ነበር። እሱን ነው የተዋስኩት። ረቂቃቸውን ይለዋወጡና እያንዳንዱ በጓደኛው ኅዳግ ላይ «ተጠየቅ» ብሎ አንድ ጥያቄ ይጽፋል። ያንን ሳይመልስ በንጹሕ የተገለበጠ ወረቀት አልቀበልም። መጀመሪያ ላይ ተሳሳቁበት። በኋላ እርስ በርሳቸው እኔ ከምጠይቃቸው የባሰ መፋጠጥ ጀመሩ።

የቀይ እስክሪብቶ ነገርም አለ። የዚያ የኋላ ወንበሩ ልጅ ወረቀት ላይ «ሐይቅ» አምስት ቦታ በሃሌታው «ሀ» ተጽፎ ነበር። ድሮ ቢሆን አምስቱንም አክብቤ ነጥብ ቀንሼ እመልስለት ነበር። ሐሳቡ ግን ክልከላው በወንዞቹ አፍ ላይ ብቻ ይሁን፣ አጥማጁ መሃል ሐይቁ ላይ ይሥራ የሚል ነበር። ፊደሉን ለሌላ ቀን ተውኩትና ኅዳጉ ላይ ጻፍኩበት፦ «ተጠየቅ፤ አባትህ በደንገል ታንኳ መሃል ሐይቅ ድረስ እንዴት ይደርሳል?»