ዳቦ ቆሎው ለምን ድንጋይ ሆነ? ለምንስ ለሰለሰ? የቤት ዳቦ ቆሎ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዳቦ ቆሎ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። እርሾ አይፈልግ፣ ኩፍ እስኪል አይጠበቅ፣ ልጆች እንኳ ትሪ ከበው መቁረጥ ይችላሉ። እንደዚያም ሆኖ አንድ ቀን ጠጠር ይሆናል፤ ሌላ ቀን ላዩ አርሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላ ቀን ደግሞ አምሮበት ወጥቶ በሳምንቱ ይልመሰመሳል። በእኛ ቤት የመንገድ ስንቅ ስለሆነና ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ልጅ ሻንጣ ያለ እሱ ስለማይዘጋ፣ በተበላሸ ቁጥር ምክንያቱን ሳልፈልግ አልተኛም። ብዙ ከሠራሁ በኋላ የገባኝ ይህ ነው፦ ጥፋቱ ከቅመሙ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ ሊጡ ውስጥ ገብቶ ያልወጣ ውሃ ነው፣ ወይም ውሃው እስኪወጣ ያልታገሰ እሳት።

እንድንግባባ የምሠራበትን መጠን ልጻፈው፦ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ180 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ። ኮረሪማ ወይም ጥቁር አዝሙድ እንደ ቤቱ ልማድ ይጨመራል።

ሊጡ ሲያንከባልሉት ይሰነጠቃል፣ ወይም እንደ ላስቲክ ይሰበሰባል

ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን በአንድ ቦታ ይጀምራል፦ ማሳረፍ። የሚሰነጠቅ ሊጥ ውሃ አንሶት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ውሃው ገና ወደ ዱቄቱ አልሰረገም። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው 30 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያም ከተሰነጠቀ ውሃ አይድፉበት፤ እጅዎን እያራሱ እንደገና ይሹት። የሚሰበሰበው ደግሞ ገና ታሽቶ የተወጠረ ነው። ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን ሲታሽ ይወጠራል፣ ሲያርፍ ይላላል፤ በጉልበት ቢጎትቱት ይባስ ይሰበሰባል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ከረጢቱ ላይ የዳቦ ዱቄት ተብሎ የተጻፈበትን ተዉት፤ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ሊጡን ያደነድነዋል። ለሁሉም ነገር የሚሆነው ተራው ዱቄት ይሻላል።

ጥርስ የሚሰብር ሆነ

አንዷን ፍሬ በቢላ ለሁለት ይክፈሏትና ወደ ብርሃን ያስጠጓት። ውስጧ ጥቅጥቅ ብሎ እንደ ደረቀ ሙጫ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ዘይቱ በትክክል አልገባም። ደቃቅ ቀዳዳዎች ካሏትና በጣት ሲጫኗት የምትፈረፈር ከሆነ ደህና ናት፤ ጠንካራ የመሰለችው ስላልበረደች ወይም ወፍራም ስለሆነች ነው።

ዘይት የሚገባው ከውሃ በፊት ነው። ደረቁ ዱቄት ላይ አፍስሰው በሁለት መዳፍ መካከል እያሹ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ያዋህዱት። ጭብጥ ሲያደርጉት ቅርጹን ከያዘ፣ ነካ ሲያደርጉት ከፈረሰ በቂ ነው። ዘይቱ ዱቄቱን ቀድሞ ሲለብሰው ውሃ ሲመጣ ግሉተኑ እርስ በርሱ እንደ ልቡ አይያያዝም፤ ስለዚህ ቆሎው ሲቆረጠም ይፈረፈራል። ውሃና ዘይት ደባልቆ አንድ ላይ መጨመር ትንሽ ጊዜ ይቆጥባል፣ ጥርስ ግን ያስከፍላል። ሁለተኛው ምክንያት ውፍረት ነው። እንደ ገመድ የተንከባለለው ሊጥ ከእርሳስ መቅጠን አለበት፤ ሲቆረጥ ከሽንብራ ፍሬ አይብለጥ።

አንዴ የጠነከረውን መልሶ ማለስለስ አይቻልም። እኔ በሙቀጫ ሸክሸክ አድርጌ ለቁርስ ሻይ ወይም ወተት ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ይወደዳል። አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን ጠንካራውንም ደህናውንም አይስጡት። ትንሽና ደረቅ ፍሬ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ላዩ አሯል፣ ውስጡ ሊጥ ነው

እሳቱ በዝቷል፣ ወይም ምጣዱ ላይ ብዙ ፈስሷል፣ ወይም ቁራጩ ወጥ አይደለም። ልጆች ሲቆርጡ አንዱ ምስር፣ አንዱ ባቄላ ያክላል፤ ምስሩ ሲያርር ባቄላው ገና ጥሬ ነው። ልጆቹን ከሥራው አላስወጣቸውም፤ ከማመሴ በፊት ትልልቁን ለይቼ ለብቻው አምሳለሁ።

ብረት ምጣድ ላይ ከሆነ ፍሬው ሳይደራረብ አንድ ረድፍ ብቻ ይፍሰስ፤ እሳቱ መካከለኛ ሆኖ ይጀመርና ቀለም መያዝ ሲጀምር ዝቅ ይበል። ኦቨን ላይ ከሆነ በ170 ዲግሪ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ በየ8 ደቂቃው እያገላበጡ፣ ከዚያ በ120 ዲግሪ ሌላ 30 ደቂቃ። ይቺ ሁለተኛዋ 30 ደቂቃ የምትዘለለዋ ናት። የመጀመሪያው እሳት ያበስላል፤ የሚያደርቀው ሁለተኛው ነው።

እናቴ ሰዓት አትይዝም ነበር፤ በጆሮዋ ነበር የምታውቀው። ጥሬው ፍሬ ሲገለባበጥ ድምፁ ድፍን ነው፣ እንደ ራሰ ባቄላ። ሲደርቅ ግን ማማሰያው በነካው ቁጥር ኳ ኳ ይላል፣ ልክ እንደ ሽንብራ ቆሎ። እሷ ጓዳ ሆና እኔ ምጣድ ላይ ሳለሁ «ገና ነው፣ አታውጪ» ትለኝ ነበር፤ ሳወጣው እውነትም ገና ሆኖ አገኘዋለሁ። ዛሬ እኔም ሬዲዮውን ዘግቼ ነው የማምሰው።

ያላረረ ግን ውስጡ ያልበሰለ ከሆነ ይድናል፦ በ120 ዲግሪ ወይም ሊጠፋ በተቃረበ ፍም ላይ እያገላበጡ ይመልሱት። ያረረው አይድንም።

መረረ

በርበሬው ተቃጥሏል። ከባዱ ነገር፣ በርበሬ የገባበት ሊጥ ከመጀመሪያው ቀይ ስለሆነ መብሰሉን በቀለም ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ያገኘሁት ዘዴ አለ፦ በርበሬ ከመጨመሬ በፊት ከዱቄቱ አንድ እፍኝ አስቀርቼ ለብቻው አቦካለሁ፤ ነጮቹን ፍሬዎች ከቀዮቹ ጋር አንድ ላይ አምሳቸዋለሁ። ነጮቹ ወርቃማ ሲሆኑ ቀዮቹም ደርሰዋል፤ ቡናማ መሆን ከጀመሩ እሳቱን መቀነስ ነው። በርበሬ በጣም የሚወድ ቤት ደግሞ ግማሹን ሊጡ ውስጥ ይጨምር፣ ግማሹን ከአንድ ማንኪያ ዘይት ጋር በጥብጦ ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው በዝግታ እሳት ያልብሰው።

ተጣበቀ፣ ወይም ዱቄት ዱቄት ይላል

ሊጡ ቀጥኖ ነበር፣ ያንን ለማዳን ደግሞ ዱቄት ተነስንሷል። የተነሰነሰው ዱቄት ምጣዱ ላይ ያርርና ሁሉንም የማረር ሽታ ያሲዛል። ከማመስዎ በፊት በወንፊት ያበጥሩት።

የቆየ ዘይት ሸተተ

ቆሎው በዘይት ከተጠበሰ፣ በተለይ አንዴ ባገለገለ ዘይት፣ ቶሎ ይሸታል። ለቤት የዕለቱን መጥበስ ይቻላል፤ ለስንቅ ግን የታመሰው ነው የሚበጀው። በቅቤ ከተሠራ በደንብ የተነጠረ ይሁን፤ ከብርሃንና ከሙቀትም ይራቅ።

ሲወጣ ኩርሽም ይል ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ለሰለሰ

ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ ይህ ነው፤ እኔንም በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው። የወንድሜ ልጅ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ስለሚነሳ አምሽቼ አምሼ ሳይበርድ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩለት። በሁለተኛው ሳምንት ደወለ፦ «እትዬ፣ ዳቦ ቆሎው ጸጉር አበቀለ።» ሻግቷል ማለቱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሊበላው አስቦ ሲከፍተው ነው ያየው። የሻገተውን መርጦ መጣል ዋጋ እንደሌለው፣ ሁሉንም እንዲጥለው ነገርኩት። ሻጋታው በዓይን ከሚታየው በላይ ይሰራጫል፤ መልሶ ማመስም አያነጻውም።

ያን ቀን ሁለት ጥፋት ሠርቻለሁ። አንደኛው ትኩሱን መዝጋቴ ነው፤ እንፋሎቱ ፕላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ቆሎው ላይ ይወርዳል። ትሪ ላይ ተበትኖ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይብረድ። ሁለተኛው ስውር ነው፦ ላዩ ደርቆ መሐሉ ላይ ትንሽ እርጥበት ቀርቶ ነበር። ያ እርጥበት በቀናት ውስጥ ወደ ላዩ ይሳባል፤ የደረቀው ላይ ይለሰልሳል። ለዚህ ነው በወጣበት ቀን የሚቆረጠመው በሦስተኛው ቀን የሚለሰልሰው፤ ከውጭ ምንም ሳይነካው።

ከዚያ ወዲህ በሚዛን እሠራለሁ። በላይ በጻፍኩት መጠን የቦካው ሊጥ ወደ 810 ግራም ይመዝናል። ታምሶ ሲበርድ ወደ 600 ግራም መውረድ አለበት። 650 ወይም 700 ካለ የጨመሩት ውሃ ገና ውስጡ ነው፤ ወደ ዝቅተኛው እሳት ይመለስ። ሚዛን የሌለው ሰው አንዷን ወፍራም ፍሬ ሰብሮ መሐሏን በጥፍር ይጫናት፤ ጥፍሩ ምልክት ከተወ አልደረቀም።

ደህና ደርቆም የሚለሰልስበት ጊዜ አለ። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ነው፤ በጂዳና በዱባይ ጠረፍ ያላችሁም ይህን ታውቁታላችሁ። ክዳኑ በከፈቱት ቁጥር ቆሎው እርጥበት ይጠጣል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጣሳ ከመሙላት በትንንሽ ክዳን ጠበቅ ባለ ዕቃ መከፋፈል፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አለመክፈት። የለሰለሰ ግን ያልሻገተ ከሆነ በ150 ዲግሪ 10 ደቂቃ ወይም ምጣድ ላይ በዝግታ እሳት ተመልሶ ይታመሳል፤ እንደ አዲስ ይቆረጠማል፣ በርበሬው እንዳያርር ብቻ ዓይን አይለየው።

ልጄ ለበዓል ስጦታ ከአቡጀዲ ትንንሽ ከረጢት ትሰፋለች፤ አፉን በቀይ ክር ሸምቅቃ፣ ጠርዙ ላይ መስቀል ጠልፋ። በጣም ያምራሉ፤ ጨርቅ ግን አየር ያስገባል። የመጀመሪያውን ዓመት ለጎረቤት ያደረስነው በማግስቱ ለስልሶ ነበር። አሁን ቆሎው መጀመሪያ በፕላስቲክ ይታሰርና ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ከረጢቱንም ሁለት ጣት ያህል አስፍታ ትሰፋዋለች፤ የታሰረው ፕላስቲክ አንገቱ ቦታ ይፈልጋል፣ ጠባብ ከሆነ ሽምቅቁ አይዘጋም።