ሜፕል በአዳማ፦ «ክረምት» የሚለው ቃል ችግኞቼን ሲገድልብኝ

ከመጀመሪያዎቹ 11 የሜፕል ችግኞቼ 9ኙን የገደለብኝ አንድ ቃል ነው። ስልኬ የተረጎመልኝ የቦንሳይ (ዛፍን በትንሽ ዕቃ ውስጥ አሳጥሮ የማሳደግ ጥበብ) መመሪያ «በክረምት ውጭ ይቀመጥ፣ ይረፍበት» ይላል። እኔ ደግሞ የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ክረምት ሲባል የማውቀው ሐምሌና ነሐሴን ነው። ሐምሌ ሲገባ ፖቶቹን በሙሉ ከበረንዳ አውጥቼ ግቢው መሃል ደረደርኳቸው፣ ዶፉ ወረደባቸው፣ እኔም ቡናዬን ይዤ በመስኮት እያየሁ ዛፎቼ አረፉ ብዬ ደስ አለኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንዱን ነቅዬ ሥሩን በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርገው ልጣጩ እንደ እባብ ቆዳ ተሸልቅቆ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ ክር የሚያህል ነገር ብቻ። ሽታውን አታንሱብኝ።

መመሪያው ክረምት ያለው ብርዱን ነበር። ሜፕል የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የቻይናና የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ነው፤ በአገሩ ከኅዳር እስከ የካቲት አካባቢ ቅጠሉን አራግፎ በብርድ ይተኛል። የእኛ ክረምት ሞቅ ያለ ዝናብ ነው፣ ዛፉ ነቅቶ የሚያድግበት ጊዜ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ የወቅቱን ስም ሳይሆን ወሩን ተከተሉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ። ገና ዘር እየፈለጋችሁ ከሆነ ትራይደንት ሜፕልን ምረጡ፣ ቅጠሉ ሦስት ጫፍ ያለውን። ሙቀትን ከጃፓኑ ሜፕል በተሻለ ይችላል። የጃፓኑ ቅጠል እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ ነው፣ ሲያዩት ያምራል፣ አዳማ ላይ ግን አልቃሻ ነው። ዘር ከውጭ ሲገባ ደግሞ የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በዘመድ ሻንጣ ደብቆ ማስገባት በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ይቅርባችሁ።

ዘሩ ተዘርቶ ወር ሁለት ወር ሆነው፣ ምንም የለም

ዘሩ አልሞተም ይሆናል፣ እየጠበቀ ነው። የእነዚህ የሁለቱ ሜፕሎች ዘር ብርድ ሳያልፍበት አይበቅልም፤ በአገሩ ወድቆ ወዲያው ቢበቅል ውርጭ ስለሚፈጀው ነው እንዲህ የተሠራው። ብርዱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ክንፉን ቁረጡለትና ለብ ባለ ውሃ ለ24 ሰዓት ንከሩት። ከዚያ እርጥብ ግን ውሃ የማይንጠባጠብበት አሸዋ ውስጥ አድርጋችሁ፣ በላስቲክ አስራችሁ፣ ፍሪጅ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከ90 እስከ 120 ቀን አስቀምጡት። ፍሪዘር ውስጥ አይደለም! በየሁለት ሳምንቱ ከፍታችሁ ሻጋታ ካለ እጠቡት። መብራት ለአንድ ቀን ቢጠፋ ምንም አይሆንም።

ዋናው ግን መቼ ይግባ ነው። መጻሕፍቱ በመጋቢት ዝሩ ይላሉ። አዳማ ላይ በመጋቢት የዘራ ሰው ገና ሁለት ቅጠል ያወጣ ሕፃን ለሚያዝያና ለግንቦት ፀሐይ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። እኔ አሁን ዘሩን ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ፍሪጅ አስገብቼ ኅዳር አጋማሽ ላይ እዘራለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለእኛ ቀዝቀዝ የሚል ነው፤ ሙቀቱ ሲመጣ ችግኙ ቢያንስ ሥር ይዟል።

በቅሎ ነበር፣ ጠዋት ስነሳ ተጋድሟል

ጠጋ ብላችሁ እዩት። ግንዱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ከሆነ፣ አንገቱን የበላው ፈንገስ ነው። የወደቀው አይነሳም፣ ጣሉት። የቀሩትን ለማዳን ውሃ ቀንሱ፣ ነፋስ ወደሚያገኝበት ቦታ አውጡ፣ ላስቲክ ሸፍናችሁ ከነበረ አንሱት። ለሚቀጥለው ደግሞ «የጫካ አፈር» የሚባለውን ለዘር አትጠቀሙ፤ አሸዋውን የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ሲቀዘቅዝ ዝሩበት። በቃ።

ቅጠሉ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይሄ ነው፣ ሰው ሁሉ ደግሞ መልሱን ቀድሞ ያውቀዋል፦ ውሃ አነሰው! ከዚያ ውሃ ይጨምራል፣ ዛፉም ይባስ ይደርቃል። መጀመሪያ አፈሩን ጠይቁት። የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ አሥር ደቂቃ ቆዩና አውጡት። ስንጥሩ ረጥቦ ወጥቶ ቅጠሉ ከጠወለገ፣ ችግሩ ጥማት ሳይሆን የኔ የሐምሌው ታሪክ ነው፣ ሥሩ በስብሶ መጠጣት አቅቶታል። ነቅላችሁ የበሰበሰውን ቁረጡ፣ ውሃ በሚያሳልፍ አፈር መልሳችሁ ትከሉ፣ ጥላ ውስጥ አቆዩት።

ስንጥሩ ደርቆ ከወጣ አጠጡ፣ አለቀ። ስንጥሩ ደህና ሆኖ ቅጠሉ ከተቃጠለ ግን ሦስት ተጠርጣሪ አለ።

አንዱ ነፋስ ነው። አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለላት ከተማ ናት፣ አንዱ 51 ሌላው 153 ሜጋ ዋት፤ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ የሜፕልን ስስ ቅጠል ምን እንደሚያደርገው አስቡት። ሥሩ ከሚያቀብለው በላይ ውሃ ከቅጠሉ ይተናል። በግድግዳ ወይም በአጥር ከልሉት።

ሁለተኛው የከሰዓት ፀሐይ ነው። ቅጠሉ የተቃጠለው ወደ ምዕራብ በዞረው በኩል ብቻ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከጠዋት እስከ 4 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፣ ከዚያ በኋላ ጥላ። አረንጓዴው ሼድ ኔት ግማሽ ብርሃን የሚያሳልፈው ዓይነት ይበቃል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም፤ ፖቱ ራሱ። ጥቁር የፕላስቲክ ፖት ካላችሁ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ፀሐይ በሚመታው በኩል ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እኔ ስሞክረው ጣቴን ወዲያው ነው ያወጣሁት፣ ልክ ሻይ ብርጭቆ ላይ እንደሚያደርጉት። ሥሩ እዚያ ውስጥ እየተቀቀለ ነው። መፍትሄው እናቶቻችን ከድሮም ያውቁታል፤ በሸክላ እንስራ ያለ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው ስለሚያላብ። ትንሹን ፖት ትልቅ የሸክላ ፖት ውስጥ አስቀምጡት፣ መሃሉን በአሸዋ ሙሉት፣ አሸዋውን በየቀኑ አርጥቡት። ዘንድሮ ከሠራሁት ሥራ በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው፣ ወጪውም የአንድ ሸክላ ዋጋ ነው።

አፈሩን ካነሳሁ አይቀር፦ ጥቁር አፈርን እርሱት። እኛ ዕድለኞች ነን፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን የቦንሳይ ሰዎች በኪሎ የሚገዙት ፑሚስ (ቀላሉ፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እዚህ ብሎኬት ማምረቻ በር ላይ ተከምሯል። አንድ ጆንያ ለምናችሁ ውሰዱ። በወንፊት ነፍታችሁ ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያህለውን ብቻ አስቀሩ፣ አቧራውን እጠቡ፣ ሁለት እጅ ፑሚስ ለአንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ። በሐምሌ ዶፍ ያልሞተብኝ ዛፍ በዚህ የተተከለው ነው።

ቅጠሉ ቢጫ፣ ደም ሥሩ አረንጓዴ

አዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ከሆነ የብረት እጥረት ነው። ብዙ ጊዜ ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ዛፉ ግን ሊወስደው አልቻለም። በአካባቢያችን ብዙው የጉድጓድ ውሃ ሶዳነት አለው፣ ሜፕል ደግሞ ትንሽ አሲዳማ አፈር ይወዳል። በዚያ ውሃ ወራት ስታጠጡት አፈሩ ይለወጥና ብረቱ ይታሰራል። አንድ ጎረቤቴ የዛገ ሚስማር አፈሩ ውስጥ ቅበር ብሎኝ ቀብሬ ነበር። ሚስማሩ አሁንም አለ፣ ቅጠሉም ቢጫ ነው፤ ዝገት በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ አይሟሟም።

የሚሠራው የዝናብ ውሃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከቆርቆሮው አሸንዳ ሮቶ ወይም ጀሪካን ሙሉ፤ ለአምስት ለስድስት ትንንሽ ፖት ብዙ ወር ይዘልቃል። እስኪያገግም ኪሌትድ አይረን የሚባለውን፣ ዛፉ ሊወስደው በሚችል መልክ የተዘጋጀ ብረት፣ ከግብርና መድኃኒት መሸጫ ጠይቁ፣ ማሸጊያው ላይ ኢዲዲኤችኤ የሚል ካገኛችሁ ለሶዳማ አፈር የተሻለው እሱ ነው። ዩሪያ አታድርጉ። ቢጫ አይቶ ዩሪያ የሚበትን ሰው ችግኙን በሦስት ቀን ያቃጥለዋል።

ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ጫፉ ብቻ ቅጠል አወጣ፣ የታችኛው ቅርንጫፍ ባዶ

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ መጣን። ይሄ ዛፍ እንቅልፍ አልተኛም። ሜፕል እምቡጡን ለመክፈት ለሳምንታት ከ0 እስከ 7 ዲግሪ አካባቢ ቅዝቃዜ ማግኘት ይፈልጋል። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንዲህ ያለ ብርድ አይቆይባትም፤ የቀኑም ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለያይ ዛፉ «ተኛ» የሚለው ምልክት አያገኝም። አንዳንዱ ቅጠል ይረግፋል፣ አንዳንዱ ይቀራል፣ ጫፉ ላይ ያሉት ጥቂት እምቡጦች ይከፈታሉ፣ የቀሩት ዝም። በዓመት በዓመት እየደከመ ይሄዳል። አፕል አዳማ ሳይሆን ደጋው ጨንቻ ላይ የተሳካው ለምን እንደሆነ ካሰባችሁ፣ ነገሩ ያው ነው።

ሁለት መንገድ ሞክሬያለሁ። አንደኛው አሰላ። 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ከ2,400 ሜትር አያንስም፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል። ሦስት ዛፍ በካርቶን ይዤ በሚኒባስ ወስጄ አክስቴ ግቢ አስቀመጥኩ። ቅጠል የለውም እኮ፣ አየችውና «አንተ ልጅ፣ ይሄን ጭራሮ ነው አደራ የምትለኝ?» አለችኝ። የካቲት ላይ ስመልሳቸው ከታች ጀምሮ ፈነዱ። ሙሉ ብርድ ነው ማለት አይደለም፣ ለትራይደንቱ ግን በቃው።

ሁለተኛው ፍሪጅ ነው፣ ለትንንሾቹ ብቻ። ከጥቅምት ጀምሮ ማዳበሪያ አቁሙ፣ ኅዳር ላይ የቀሩትን ቅጠሎች ከነአንገታቸው ሳይሆን ዘንጋቸውን አስቀርታችሁ በመቀስ ቁረጡ፣ አፈሩ እርጥበት ብቻ እንዲኖረው አድርጉ፣ ፖቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስገቡ። ቅጠል ስለሌለው ጨለማው አይጎዳውም። ሙዝ፣ አቮካዶና አፕል አጠገብ ግን አይሁን፣ ሲበስሉ የሚያወጡት ጋዝ እምቡጡን ያበላሸዋል። ከቤት ሰው ጋር መደራደሩ የእናንተ ሥራ ነው፤ እኔ አንድ መደርደሪያ ያገኘሁት ለበዓል ዶሮ አስገባለሁ ብዬ ነው።

ግንዱ አልወፍር አለ

ቶሎ ጠፍጣፋ የቦንሳይ ፖት ውስጥ ስለከተታችሁት ነው። እዚያ ውስጥ መጠኑን ጠብቆ ይኖራል እንጂ አይወፍርም፣ በእኛ ሙቀት ደግሞ በግማሽ ቀን ይደርቃል። ለመጀመሪያ ሦስት አራት ዓመት ሰፊ ዕቃ ስጡት፣ ወደ ላይ ይሩጥ፣ ቆይቶ ይቆረጣል። ሽቦ ከጠመጠማችሁ በዝናቡ ወራት በየሳምንቱ እዩት፣ ግንዱ ሲያብጥ ሽቦው ሥጋ ውስጥ ይሰምጣል። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ከወጣበት በውሃ ግፊት አራግፉ፣ ካልሄደ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ ማታ ማታ ርጩ።

በመስከረም ቀይ አልሆነም

ለዚህ መፍትሄ የለኝም። ያ ፎቶ ላይ የምታዩት ቀይ ቀዝቃዛ ሌሊትና ፀሐያማ ቀን ሲከታተሉ የሚመጣ ነው። የኔዎቹ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ያልፋሉ። አዲስ ቅጠል ሲያወጡ ግን ለአሥር ቀን ያህል ቀላ ይላሉ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከኋላው ሲመታው። ቀይ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ቡገንቪል ፖት ውስጥ ትከሉ፤ እሱ አሰላ መሄድ አይጠይቅም።