ለነርስነት ላይሰንስ ፈተና ስትዘጋጁ ጭንቀቱን እንዴት ትይዙታላችሁ

ለላይሰንስ ፈተና እያጠናችሁ አንዱን ገጽ ደጋግማችሁ አንብባችሁት ምንም አልገባ ካላችሁ፣ ማታ ደሞ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ሰነፍ ሆናችሁ አይደለም። ሰውነታችሁ አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊንና ኮርቲሶል እየለቀቀ ነው፣ ለታካሚ የምናስረዳው ነገር በራሳችን ሲመጣ ግን ይጠፋናል። አብዛኛው ሰው ሲጨንቀው የጥናት ሰዓት ይጨምራል፣ እንቅልፉን ቆርጦ፣ ምግብ ዘሎ፣ ሌላ መጽሐፍ ደርቦ። ይሄ በኔ እምነት ጭንቀቱን ያባብሰዋል። ጭንቀቱን የሚያበርደው ፈተናውን ራሱን መልመድ ነው፣ አጠያየቁን፣ ሰዓቱን፣ “አላውቀውም” የሚለውን ስሜት ጭምር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትቀመጡበት ፈተና እንዴት እንደሚሰራ እወቁ፣ ስንት ጥያቄ፣ ስንት ሰዓት፣ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል ወይስ አይቻልም። ኤንክሌክስ (NCLEX፣ የአሜሪካ የነርስ ላይሰንስ ፈተና) የምትወስዱ ከሆነ ይሄ በጣም ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ስትመልሱ ከበድ ያለ፣ ስትስቱ ቀለል ያለ እያመጣ ነው አቅማችሁን የሚለካው፣ እና ጎበዝ የሚባለውም ሰው ግማሽ አካባቢ ሊስት ይችላል። “ወደቅኩ፣ አለቀልኝ” የሚለው ስሜት የሚመጣው ጥያቄው ሁሌ አቅማችሁ ጫፍ ላይ ስለሚያርፍ ነው እንጂ ስለወደቃችሁ አይደለም። ለአርኤን (ሬጅስተርድ ነርስ) ከ2023 ጀምሮ ጥያቄው ከ85 እስከ 150 ነው፣ ከነሱ ውስጥ 15ቱ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አታውቁም። 85 ላይ ቢያቆም ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ሆነ ማለት ነው፣ በማለፍም በመውደቅም ሊሆን ይችላል። 86ኛው ሲመጣ መደንገጥ አያስፈልግም፣ እስከ 150 ሄደው የሚያልፉ አሉ። ቁጥሩን መቁጠር ተዉት፣ ያለፈውንም ጥያቄ ተዉት፣ መመለስ ስለማይቻል ስለሱ ማሰብ የሚቀጥለውን ይበላባችኋል።

ከዛ ከማንበብ ወደ መስራት አዘንብሉ። ራስን መፈተን ደጋግሞ ከማንበብ የበለጠ እንደሚያስታውስ በጥናት የታወቀ ነው፣ ለጭንቀት ደሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ጥያቄ ማየት ብርቅ አይሆንባችሁም። ቢያንስ አልፎ አልፎ ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ፣ ሳትነሱ ስሩ። ስትጨርሱ ነጥቡን አይታችሁ ከመናደድ ይልቅ የሳታችሁትን በደብተር ጻፉ፣ ለምን እንደሳታችሁም ጨምሩበት፦ አላውቀውም ነበር፣ አጣድፌ አነበብኩት፣ ትክክሉን መርጬ ቀየርኩት። ለምሳሌ ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድሃኒት የሚወስድ ታካሚ ፖታሲየሙ ዝቅ ብሎ 3.0 ነው የሚል ጥያቄ ሳታችሁ እንበል፣ ፖታሲየም ሲወርድ የዲጎክሲን ቶክሲሲቲ (መመረዝ) እንደሚጨምር ካላወቃችሁ የሚጠና ነገር አገኛችሁ፣ እያወቃችሁ ቁጥሩን ዘላችሁት ከሆነ ግን የሚስተካከለው አነባበባችሁ ነው። ደብተሩ ሲሞላ “ምንም አላውቅም” የሚለው ትልቅ ፍርሃት ወደ ጥቂት ርዕሶች ይወርዳል፣ ለኔ ከሁሉም በላይ የሚያረጋጋው ይሄ ነው።

ጭንቅላታችሁ ባዶ ሲሆንባችሁ ምን እንደምታደርጉ ካሁኑ ወስኑ፣ በዛን ሰዓት ማሰብ አይቻልማ። እጃችሁን ከማውሱ አንሱ፣ በአፍንጫ 4 ሰከንድ አስገቡ፣ 6 ወይ 8 ሰከንድ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፣ አራት አምስቴ ድገሙት። አወጣጡ ሲረዝም ሰውነትን የሚያረጋጋው ቬገስ ነርቭ የልብ ምቱን ያቀዘቅዘዋል። ከዛ ጥያቄውን እንደ አዲስ አንብቡና እነዚህን ጠይቁ፦ ኤርዌይ (የአየር መተላለፊያ)፣ ብሪዚንግ (አተነፋፈስ)፣ ሰርኩሌሽን (የደም ዝውውር) ላይ ችግር አለ? ታካሚው ስቴብል (የተረጋጋ) ነው? ከመስራቴ በፊት አሰስመንት (ታካሚውን መመርመር) ይቀረኛል? ይሄንን ቤት ውስጥ በየቀኑ ካልተለማመዳችሁት ፈተናው ቀን አይመጣላችሁም።

ሀሳቡ ማታ ማታ የሚመጣባችሁ ደሞ ጻፉት። ብወድቅስ፣ ቤተሰብ ምን ይላል፣ ያወጣሁት ገንዘብስ፣ ሁሉንም ሳታሳምሩ 10 ደቂቃ ጻፉና ዝጉት። በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ፈተና ከመግባታቸው በፊት ፍርሃታቸውን የጻፉ ተጨናናቂ ተማሪዎች የተሻለ እንደሰሩ አሳይቷል። የፈተናውን ቀን ለሁሉም ሰው አትንገሩ፣ አንድ ሁለት የሚያበረታታችሁ ሰው ይበቃል። “ዘንድሮ በጣም ከባድ ነው፣ ሁሉም እየወደቀ ነው” የሚባልበት የቴሌግራም ግሩፕ ካለ ለጊዜው ውጡ፣ ጥያቄ እንጂ ወሬ አትፈልጉም።

እንቅልፍ ላይ አትደራደሩ፣ ያጠናችሁት የሚረጋው ተኝታችሁ ነው። ካፌን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ አመሻሽ ላይ የጠጣችሁት ሌሊቱን አብሯችሁ ነው። ጓደኛ የሰጣችሁን ፕሮፕራኖሎል (የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ መድሃኒት) ያለ ሀኪም እንዳትወስዱ፣ አስም ያለበት ወይም የልብ ምቱ ዝቅ ያለ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። ድንገት ደረት እየጨነቀ ትንፋሽ የሚያሳጣ ነገር ከተደጋገመ፣ ለሳምንታት መብላትም መተኛትም ካቃተ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሀሳብ ከመጣ ግን ይሄ የጥናት ጉዳይ አይደለም፣ ዛሬውኑ ለሀኪም ወይም ለምታምኑት ሰው ንገሩ።

ከዚህ በፊት ወድቃችሁ ከሆነ ጭንቀቱ እጥፍ እንደሚሆን አውቃለሁ። ኤንክሌክስ ላይ ድጋሚ ለመቀመጥ ቢያንስ 45 ቀን ይጠበቃል፣ የሚላክላችሁን የውጤት ሪፖርት አትቅደዱት፣ በየርዕሱ ከማለፊያው በላይ፣ ቅርብ ወይም በታች መሆናችሁን ይነግራችኋል፣ “በታች” የሚለው ላይ ጀምሩ።

ፈተናው ቀን አዲስ ነገር አታንብቡ፣ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ኤንክሌክስ በጠቅላላ 5 ሰዓት ነው፣ ከጀመራችሁ 2 ሰዓት ሲሞላና 3 ሰዓት ተኩል ሲሞላ እረፍት ይሰጣችኋል፣ ሰዓቱ እየሄደ ቢሆንም ውሰዱት፣ ተነሱ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተመለሱ። ስትወጡ መልስ ፍለጋ መጽሐፍ አትግለጡ፣ ሂዱና ተኙ።