ሬዲዮው ምንም አልሆነም፦ የጀማሪ ሀም ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሀም ማለት ፈቃድ አውጥቶ በትርፍ ጊዜው በሬዲዮ የሚያወራ ሰው ነው። እኔ የአማተር ሬዲዮ ፈቃዴን ያወጣሁት እዚህ ሜሪላንድ ነው። ቴክኒሽያን ለሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፤ 26 ያገኘ ያልፋል። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው ቀድመው ስለሚወጡ መሸምደድ ይቻላል። እኔም ሸመደድኩ። ጣጣው የመጣው ሬዲዮው እጄ ከገባ በኋላ ነው።

እሰማቸዋለሁ፣ አይሰሙኝም

የእጅ ሬዲዮ ገዝታችሁ የሰፈሩን ሪፒተር (ድምፃችሁን ተቀብሎ ርቆ እንዲሰማ መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) ፍሪኩዌንሲ አስገባችሁ። ሰዎች ሲያወሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቁልፉን ተጭናችሁ ትጣራላችሁ፤ ዝም። እኔ ሦስት ቀን ተጣራሁ። ንቀውኝ ይሆን እንዴ ብዬም ነበር። በአራተኛው ቀን ሬዲዮው ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ገዛሁ። አዲሱም ያው።

ሪፒተር የሚሰማበትና የሚናገርበት ፍሪኩዌንሲ ለየቅል ነው። እዚህ አሜሪካ ልዩነቱ በ2 ሜትር ባንድ (ባንድ በሞገዱ ርዝመት የሚጠራ የፍሪኩዌንሲ ክልል ነው) አብዛኛውን ጊዜ 600 ኪሎኸርዝ፣ በ70 ሴንቲሜትር ደግሞ 5 ሜጋኸርዝ ነው። ኦፍሴት የሚሉት ይሄንን ነው። ፕላስ ይሁን ማይነስ የሪፒተሩ መረጃ ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቶን ነው። ከድምፃችሁ ሥር አብሮ የሚሄድ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ ለምሳሌ 100 ኸርዝ። ሪፒተሩ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ቶኑን ካልሰማ በር አይከፍትም። የኔ ኦፍሴት ልክ ነበር። ቶኑን ግን ያስገባሁት በመቀበያው በኩል ኖሯል። ሜኑው ላይ ሁለቱ ስሞች በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ፦ በ"አር" የሚጀምረው መቀበያ፣ በ"ቲ" የሚጀምረው ማስተላለፊያ። እናንተ የምትፈልጉት የ"ቲ"ውን ነው።

ለመፈተሽ የጥሪ ምልክታችሁን (ከፈቃዱ ጋር የተሰጣችሁን የፊደልና የቁጥር መለያ) ተናግራችሁ ቁልፉን ልቀቁ። የሲግናል ምልክቱ አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ "ክሽ" ብሎ ከጠፋ ገብታችኋል። ይሄም ሆኖ ካልገባችሁ ከመኪና ውረዱ። ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ በትንሽ የጎማ አንቴና 5 ዋት ማስተላለፍ ልፋት ብቻ ነው።

ጩኸት፣ ጩኸት፣ ጩኸት

ቴክኒሽያን በ10 ሜትር ባንድ፣ ከ28.3 እስከ 28.5 ሜጋኸርዝ፣ በድምፅ ማውራት ይችላል። ተደስታችሁ ስትከፍቱት የሚንጣጣ ዘይት ይመስላል። ምንጩ ብዙ ጊዜ የራሳችሁ ቤት ነው።

ሬዲዮውን በባትሪ አብሩና የቤቱን ዋና ብሬከር አጥፉ። እኔ ሳጠፋ ባለቤቴ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቡና እየቆላች ነበር። "ደሞ ለሬዲዮ ብለህ መብራት አጠፋህ?" አለችኝ ከጨለማው ውስጥ። ግን ጩኸቱ ቀጥ አለ። ከዚያ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ መለስኩ። የሳሎኑን ስመልስ ጩኸቱም ተመለሰ። ሳሎን ውስጥ እየዞርኩ መንቀል ጀመርኩ። ቴሌቪዥኑ አይደለም። ራውተሩም አይደለም። ከሶፋው ጀርባ የተረሳ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ነው! ስልክ እንኳ አልተሰካበትም።

እንዲህ ያለውን ጣሉት። መጣል የማይቻለውን ዕቃ ገመድ በፌራይት ቀለበት (ጩኸቱን የሚያፍን ማግኔታዊ ቀለበት) ውስጥ ደጋግማችሁ ጠምጥሙት። አንዴ ብቻ ማሳለፍ እምብዛም አይጠቅምም። ጩኸቱ ብሬከሩ ጠፍቶም ካልቀነሰ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ አንቴናውን ከቤቶቹ አርቁት።

ኤስደብልዩአር አልወርድ አለ

ኤስደብልዩአር ከምትልኩት ኃይል ምን ያህሉ ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው እንደሚመለስ የሚጠቁም ቁጥር ነው። 1 ከሆነ ግሩም ነው፤ እስከ 2 አያሳስብም። 3 ካለፈ ብዙ ሬዲዮዎች ራሳቸውን ለማዳን ኃይል ይቀንሳሉ። ለዳይፖል አንቴና (መሃሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ሽቦ) ርዝመቱን በሜትር ለማግኘት 143ን በሜጋኸርዝ አካፍሉ። ለ28.4 ሜጋኸርዝ ጠቅላላ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ4 ሳንቲም ገደማ ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ወገን ግማሹ። ስትጀምሩ ትንሽ አስረዝሙት።

ከዚያ ንባቡ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ዝቅ እንደሚል እዩ። ከምትፈልጉት በታች ከሆነ ሽቦው ረዝሟል፤ በላይ ከሆነ አጥሯል። እኔ ይሄን ገልብጬ ይዤ፣ በቆረጥኩ ቁጥር እየባሰ፣ ግማሽ ሜትር ያህል አባክኛለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ አትቁረጡ፤ ጫፉን አጥፋችሁ ለኩ። ደህና የነበረው ከዝናብ በኋላ ከተበላሸ ደግሞ ኮኔክተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል።

ኤፍቲ8 ምንም አያነብም

ኤፍቲ8 ሬዲዮን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ አጫጭር ጽሑፍ የሚለዋወጡበት ዘዴ ነው። ስክሪኑ ላይ ሲግናሎቹ ይታያሉ፣ ጽሑፍ ግን የለም። የኮምፒውተሩን ሰዓት ከኢንተርኔት ጋር አስተካክሉ። ኤፍቲ8 በየ15 ሰከንዱ ተራ ይዞ የሚሠራ ስለሆነ ጥቂት ሰከንድ ያዛነፈ ሰዓት ያከሽፈዋል። በቃ።

ማይኩን ስይዝ አፌ ይተሳሰራል

የጥሪ ምልክታችሁን፣ ስማችሁንና ከተማችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ፊት ለፊት ለጥፉ። የጥሪ ምልክቱን በአልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ አድርጋችሁ ጻፉት፤ "ቢ"፣ "ዲ" እና "ፒ" በሬዲዮ አንድ ናቸው። የኔ ወረቀት ዛሬም አልተነሳም።

አዲስ አበባን ባገኝ ብዬ…

አምስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ፣ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የክለብ ጣቢያ አለ። እኔ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ በ10 ሜትር እፈልገው ነበር። ጉድ እኮ ነው! 10 ሜትር በመንገዱ ላይ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ድቅድቅ ሌሊት ነው። የሚሻለው የኛ ጠዋት ነው። በአሜሪካ በጋ (ሰመር) እዚህ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ በሀበሻ 10 ሰዓት፣ ገና ፀሐይ አለ።

ሰዓት ካነሳን፣ የግንኙነት መዝገብ የሚያዘው በዩቲሲ (ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው ሰዓት) ነው። የሀበሻውን የቀን ሰዓት ከያዛችሁ 3 ጨምሩ፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ዩቲሲ 13 ይሆናል። እዚህ በበጋ በፈረንጅ ማታ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ የዩቲሲው ቀን የነገ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንቱን ግንኙነት በስህተት ቀን መዝግቤ፣ ሰዎቹ አላረጋገጡልኝም ብዬ አኩርፌ ነበር።

ኢቲ3ኤኤን እስካሁን አላገኘሁትም። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ካልተነሳ ምድር ቤት ነኝ።