የቆዩ የፋንታሲ ሚኒየቸሮችን በድሬዳዋ ዳግም መቀባት፦ ችግርና መፍትሄ

በጉርምስና ዕድሜ የተቀቡ የድራጎን፣ የጠንቋይና የጦረኛ ሚኒየቸሮችን (ትናንሽ የጨዋታ ምስሎችን) ከሳጥን አውጥቶ እንደገና መቀባት የሚጀምር የድሬዳዋ ነዋሪ የሚገጥሙት ችግሮች፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጩት ከእጁ ችሎታ ሳይሆን ምስሉ ከተሠራበት ነገርና ከከተማዋ አየር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የምስሉ ዓይነት ይለይ። ከባድ ሆኖ፣ ያልተቀባው የግርጌው ጠርዝ በነጭ ወረቀት ላይ ሲታሽ ግራጫ መስመር የሚተው ከሆነ፣ እርሳስ (ሊድ የተባለው ከባድ ብረት) ያለበት ቅይጥ ነው፤ ብዙ አምራቾች እርሳስን የተዉት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነውና ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ ይህ የተለመደ ነው።

አሮጌው ቀለም አይለቅም፣ ወይም ምስሉ ራሱ ይሟሟል

የማይለቀው ቀለም ምናልባት ኢናሜል (ዘይት ነክ ቀለም) ነው። አክሬሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ከሆነ ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ተነክሮ ካደረ በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይነሣል። በብረት ላይ ያለ ኢናሜል በአሴቶን ይለቃል፤ ነገር ግን አሴቶን ፕላስቲክን ስለሚያሟሟ፣ የተበላሸውም ፊትና ጣት ስለማይመለስ፣ ለብረት ብቻ ይዋል። ሥራው ነፋስ በሚገባበት በረንዳ ላይ፣ ቡና ከሚፈላበት ከሰል ርቆ ይከናወን። በፕላስቲክ ላይ ያለ፣ ስስና ያልተላጠ ኢናሜል ግን ሳይነካ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ቢቀባበት ይሻላል።

በብረቱ ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ከእንጨት ቁም ሣጥንና ከካርቶን የሚወጣው የአሴቲክ አሲድ ትነት፣ በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሆኖ እርሳሱን ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ካርቦኔት ይለውጠዋል፤ ዱቄቱም በተለይ ቀለም ባልደረሰበት ግርጌ ይጀምራል። ሻጋታ መስሏቸው በኮምጣጤ ወይም በሎሚ የሚያጥቡት ሰዎች አሉ፤ ይህ ግን በአሲድ የተጎዳውን ብረት መልሶ አሲድ ማጠጣት ነው። ዱቄቱ መርዛማ ስለሆነ በደረቁ አይፋቅ፤ ጓንት አድርጎ፣ ልጆች በሌሉበት፣ ምስሉን ውሃ ውስጥ እንዳለ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፣ በደንብ ማድረቅና ሳይዘገዩ ግርጌውን ጨምሮ ፕራይመር መቀባት ያስፈልጋል። የተበላው ቅርጽ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ማስቀመጫው የፕላስቲክ ወይም የብረት ሣጥን ይሁን።

የስፕሬይ ፕራይመሩ አሸዋማ ሆኗል

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ሞቃትና ደረቅ ከተማ በመሆኗ፣ በቀትር የተረጨ ቀለም ምስሉ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አቧራ ያርፋል። ከ1,800 ሜትር በላይ ባለችው ሐረር ይህ ችግር ቀለል ይላል። መፍትሄው ገና በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ጣሳውን ወደ ምስሉ ጠጋ አድርጎ በአጫጭር ርጭት መቀባት ነው። ሸካራነቱ ቀላል ከሆነ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይረግፋል፤ ከዚያ ካለፈ ቀለሙን አስለቅቆ እንደገና መጀመር ነው።

ቀለሙ ብሩሽ ላይ እያለ ይደርቃል

ጥፋቱ የሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የቬንትሌተሩም ነው። ቬንትሌተሩን ወደ ሰው እንጂ ወደ ጠረጴዛው አለማዞር፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አንጥፎ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ማድረግና ቀለሙን እዚያ ላይ መበጥበጥ ይበቃል።

ስስ ቀለም ሲደርቅ ነጭ ቀለበት ይተዋል

በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው የከተማዋ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ፣ ቀለም ሲቀጥኑበትም ያንኑ ይተዋል። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይህን ያስቀራል፤ ሲገዛ ግን የባትሪ አሲድ አለመሆኑን ሻጩን መጠየቅ ግድ ነው። ቀድሞ የወጣው ቀለበት በእርጥብ ብሩሽ ካልለቀቀ በዚያው ቀለም በስሱ ይሸፈን።