ከበርሜል የተሠራ የጭስ ምድጃ ሲያስቸግር

ወሎ ውስጥ ጭስ ብርቅ አይደለም። የወተት ዕቃውም የጠላ ጋኑም በወይራ ይታጠናል። በርሜል ቆርጦ፣ ፌሮ አጋድሞ ሥጋን በጭስ ቀስ ብሎ ማብሰል ግን ሌላ ሙያ ነው። ጋን ስናጥን ደፍተን ጭሱን እናፍነዋለን። ብዙው ችግር የሚመጣው ሥጋውንም እንደዚያው ለማጠን ስንሞክር ነው። ጋን አይበላም፣ ሥጋ ይበላል።

«ሥጋው መረረ፣ ምላስ ያደነዝዛል»

ጭሱን እዩት። ነጭና ወፍራም ከሆነ እንጨቱ ታፍኗል፣ በደንብ አልነደደም። ያ ጭስ ሥጋው ላይ ሲያርፍ ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። የሚመረው እሱ ነው።

መጀመሪያ የክዳኑን መውጫ ሙሉ በሙሉ ክፈቱት፣ ከዚያ አትንኩት። እሳት የሚገዛው ከታች ነው። ለ200 ሊትር በርሜል ከታች በኩል ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያላቸው ሦስት ወይም አራት ቀዳዳዎች ይበቃሉ። ሲሞቅ አንዱን በቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ ትዘጋላችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ትከፍታላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት እንጨቱ ነው። ክረምት ላይ ደጅ የከረመ ፍልጥ ውሃ ይዟል። ደረቅ ወይራ ካላችሁ ምን ትፈልጋላችሁ? ግራርም ጥሩ ነው። ጥድና ባህር ዛፍ ግን ሙጫና ዘይት ስላላቸው ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ደግሞ እንጨት አታብዙ። ሙቀቱን ከሰሉ ይስጥ፣ ለሽታው የጡጫ ያህል ሁለት ቁራጭ ወይራ ይበቃል። ነጩ ጭስ አልፎ ስስና ሰማያዊ መሳይ ሲሆን ሥጋውን አስገቡ።

«እሳቱ እየጠፋ አስቸገረኝ»

ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሯ ባህር ጠረፍ ላይ ካለ አገር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከውጭ ቪዲዮ ላይ የቀዳዳውን ልክ የቀዳ ሰው እዚህ እሳቱ ቢያንቀላፋበት አይገርምም። አንድ ቀዳዳ ይጨምር። ኮምቦልቻና ባቲ ዝቅ ስለሚሉ ችግሩ እዚያ ይቀንሳል።

አመዱንም እዩት። ከሰሉ በርሜሉ ወለል ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ የራሱ አመድ ያፍነዋል። በአራት ጣት ያህል ከፍ አድርጉት። አሮጌ የመኪና ቸርኬ ላይ የፌሮ ፍርግርግ ማስቀመጥ ቀላሉ መንገድ ነው። የአሉሚኒየም ድስት ግን ለከሰል አታውሉ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ አየር ያገኘ ፍም ደግሞ ያን ያልፋል።

«ሙቀቱ ድንገት ይወጣል»

የምትፈልጉት ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካለፈ አየር ባልታሰበበት እየገባ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በክዳኑ ጠርዝ ወይም በበሩ ማጠፊያ። ክፍተቱን በሊጥ ወይም በጭቃ ለስኑት። «ደርሶ ይሆን?» እያሉ ክዳን መክፈትም ራሱ ለእሳቱ ትንፋሽ መስጠት ነው። ሥጋውንና ፍሙን የሚለይ ውሃ የያዘ ትሪ ብታስገቡ ስብ እሳት ላይ አይንጠባጠብም፣ ሙቀቱም ይረጋል።

«ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል»

ምናልባት አልተበላሸም። የፈላ ውሃ ውስጥ ከታችሁት 100 ካላለ አትጣሉት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ በ94 አካባቢ። እነዚህን ካሳየ ደህና ነው። በርሜሉ ክዳን ላይ የተሰካው ግን የሚለካው የላዩን ሙቀት ነው። ሥጋው ጋ የሚለካ ሌላ ያስፈልጋል።

«ራሴን አመመኝ፣ ብርድ ብርድ አለኝ»

ይሄ የሚቀለድበት አይደለም። ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ከሰሉ አጠገብ እያላችሁ ወዲያው ራስ ካዞረና ካቅለሸለሸ፣ ምድጃው ቤት ወይም ዝግ ማድቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። የከሰል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ወዲያው ውጡ። የጦሳ ተራራ ብርድ ቢገርፍም ምድጃው ደጅ ነው ቦታው።

ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ካላችሁና ካተኮሳችሁ ደግሞ ብረቱን ጠርጥሩ። የቤት ጣሪያ ቆርቆሮና ብዙ የብረት ባልዲዎች በዚንክ የተለበጡ ናቸው፣ ላያቸው ላይ የአበባ መሳይ ግራጫ ነጠብጣብ ይታያል። ፍም ሲነካቸው ዚንኩ ተንኖ የሚወጣውን የሚተነፍስ ሰው ይታመማል። ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ። መፍትሄው ጥገና አይደለም። ባልዲውን ለቁራሌው ስጡት። «ቀድሜ ላቃጥለው» ማለትም አያዋጣም፣ ያው ጭሱን መተንፈስ ነው።

የአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያም በካድሚየም የተለበጠ ሊሆን ስለሚችል ሥጋ አታስቀምጡበት። በርሜሉን ስትገዙ ምን እንደያዘ ጠይቁ። የምግብ ዘይት ከሆነ ጥሩ፣ ኬሚካል ከሆነ ተዉት። ቤንዚን የያዘውን በጭራሽ! ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ትነት ግራይንደር ወይም ብየዳ ሲነካው ይፈነዳል። የማይታወቅ በርሜል ርካሽ ነው ተብሎ አይወሰድም።

ጥሩ በርሜልም ቢሆን ቀለሙና የውስጥ ልባጩ ሜዳ ላይ በኃይለኛ እሳት ተቃጥሎ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ከዚያ እንደ ብረት ምጣድ በዘይት ይሟሻል። ክረምት ላይ ዝገት ካወጣ ፍቃችሁ እንደገና አሟሹት።

«ፍየሉ ደረቀ» እና «ሥጋው አልበስል አለ»

ከባቲ የሰኞ ገበያ የመጣ ቆላ ፍየል ስቡ ጥቂት ነው። ለረጅም ጭስ ራቁቱን ከገባ ይደርቃል። ታፋውን በራሱ ሞራ ጠቅልሉት፤ ሞራው እየቀለጠ ያረጥበዋል። ቅልብ በግ ይህ አያስፈልገውም።

የወፍራም ሥጋ ሙቀት 70 አካባቢ ደርሶ ሰዓታት ቢቆም አብሽሩ፣ ከሥጋው የሚተነው ውሃ እያቀዘቀዘው ነው። ከሰል አትጨምሩ። ወይ ታገሡ፣ ወይ በፎይል ጠቅልላችሁ መልሱት። ዶሮ ከሆነ ግን የውስጡ ሙቀት 74 ሳይሞላ አታውጡት፣ ቆዳው የቱንም ያህል ቢያምር።