የድሮ ቲዩብ አምፕ ድምፁ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ጥሩ የድሮ ጊታር አምፕ (በመስታወት ቲዩቦች የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ) ክሩን በቀስታ ስትነኩት ይጠራል፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትመቱት ይቆጣል። ይሄን ጠባዩን ያጣ ሲመስል ብዙ ሰው "አርጅቷል" ብሎ የውስጥ ዕቃውን በሙሉ ያስቀይራል። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛውን ጊዜ የደከመው አንድ ዕቃ ነው። የቀረው ሲቀየር የወደዳችሁት ድምፅም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

መጀመሪያ ግን ጥንቃቄ። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። እሱን በሬዚስተር አፍስሶ በቴስተር ማረጋገጥ የማይችል ሰው ቻሲሱን (ዕቃዎቹ ያሉበትን የብረት ሳጥን) አይክፈት። ስፒናው ግራውንድ የሌለው ባለ 2 እግር ከሆነ ደግሞ ከመጫወታችሁ በፊት በባለ 3 እግር ገመድ አስቀይሩት።

ምንም ሳይነካ "እምምም" ይላል

ቮልዩሙን 0 አድርጉት። ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ከቮልዩሙ በፊት ነው። ኬብል ቀይሩ። ከዚያ ጊታሩን እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። በአንድ አቅጣጫ ከቀነሰ ድምፁን የሚስበው ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የጊታሩ ዕቃ) ነው፤ አምፑን አትንኩት።

ቮልዩሙ 0 ሆኖም ካልጠፋ ጊታሩን ራሱን መለኪያ አድርጉት። የመስመሩ ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ከሆነ 6ኛውን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ምቱ። ይሄ ኖታ 98 ሄርዝ ነው። እምምታው ከሱ ጋር ከገጠመ 100 ሄርዝ ገደማ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የፊልተር ካፓሲተሮቹ (የአምፑን ኤሌክትሪክ የሚያለሰልሱት) ደርቀዋል። አንድ ኦክታቭ ወርዶ ከተሰማ ግን 50 ሄርዝ ነው፤ ግራውንዱን ወይም የቲዩብ ማሞቂያውን መስመር አስፈትሹ። መስመሩ 60 ሄርዝ በሆነበት አገር የካፓሲተሩ እምምታ 120 ሄርዝ ስለሚሆን፣ 5ኛው ክር ላይ በ1ኛውና በ2ኛው ፍሬት መካከል ይወድቃል።

የፊልተር ካፓሲተር ከደረቀ ሁሉም አንድ ላይ ይቀየር፤ እኩል ነው ያረጁት። ድምፁ የሚያልፍባቸው ትንንሾቹ ካፓሲተሮች ግን ካላፈሰሱ ባሉበት ይቆዩ። ጠጋኙን ከማስጀመራችሁ በፊት ይሄን ንገሩት።

ማዞሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሻል

አቧራ ነው። አምፑ ጠፍቶ ኮንታክት ክሊነር ይነፋበትና ማዞሪያው ከዳር እስከ ዳር 20 ጊዜ ያህል ይዙር። በሳምንቱ ከተመለሰ ግን አቧራ አይደለም፤ የሚያፈስ ካፓሲተር ማዞሪያው ላይ ቮልቴጅ እየላከበት ነው።

አንዳንድ ኖታ ላይ ያፏጫል ወይም ይንቃጨላል

አምፑ በርቶ፣ ቮልዩሙ መሃል ላይ ሆኖ፣ ትንንሾቹን ቲዩቦች በእርሳስ ላጲስ በኩል አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጓቸው። ጤነኛው ከስፒከሩ ጠፍ የሚል ድምፅ ቢያሰማ ነው። የታመመው እንደ ደወል ያቃጭላል፤ ድምፁም ቶሎ አይቆምም። ውስጡ ያሉት ብረቶች ላልተዋል ማለት ነው። እሱን ብቻ ቀይሩት።

ሪቨርቡ (ማስተጋቢያው) ወይም ትሬሞሎው (ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) አይሠራም

በብዙዎቹ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፌንደር አምፖች ላይ የእግር ማብሪያው ካልተሰካ ትሬሞሎው አይነሳም። "ተበላሸ" ተብሎ የመጣ ስንት አምፕ በዚህ ብቻ ድኗል! ለሪቨርቡ ደግሞ ማዞሪያውን ከፍታችሁ አምፑን ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት። ሞላዎቹ ሲጋጩ ከተሰማ መመለሻው ደህና ነው፤ ችግሩ የሚገፋው ቲዩብ ወይም ወደ ሞላው ሳጥን የሚገባው ገመድ ዘንድ ነው።

ድምፁ ቀጥኗል፣ አንድ ዓይነት ብቻ ሆኗል

ስፒከሩን አስቀድሙ። ስፒከሮቹ 2 ከሆኑና የአንዱ ሽቦ ተገልብጦ ከተያያዘ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ ይጠፋል። አምፑን አጥፉና የስፒከሩን ኬብል ንቀሉ። በኬብሉ ጫፍ ላይ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ አስነኩ። የሁለቱም ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለበት። ስትጨርሱ ኬብሉን መልሱት። ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ከተነዳ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ስፒከሩ ደህና ከሆነ ትልልቆቹን ቲዩቦች ጠርጥሩ፤ ሲደክሙ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ድምፁም ይደበዝዛል።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖም አንድ ድምፅ ብቻ ከሰጣችሁ ጉዳዩ አጠቃቀም ነው። የድሮ አምፕ ብዙ ቁልፍ የለውም፤ ብዙው ነገር ያለው ጊታሩ ላይ ነው። አምፑን እስኪቆጣ ከፍ አድርጉና የጊታሩን ቮልዩም ወደ 5 አውርዱ፤ ይጠራል። ለሶሎ መልሱት። ቮልዩሙ ከፍ ሲል ቤዙ ከፈረሰ የቤዙን ማዞሪያ ወደ 2 ወይም 3 ዝቅ አድርጉት። በብዙዎቹ የፌንደር አምፖች 2ኛው መሰኪያ ሲግናሉን በግማሽ ይቀንሳል፤ ጉልበተኛ ፒክአፕ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው።

የቲዩቡ ብረት ፍም መስሏል

መሃል ላይ ያለው ማሞቂያ ብርቱካናማ ቢሆን ያለ ነው። ዙሪያውን ያለው ግራጫ ብረት ከቀላ ግን ዘፈኑን እንኳ አትጨርሱ፤ ወዲያው አጥፉ። ቲዩቦቹ ሲቀዘቅዙ ቦታ አለዋውጡና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አብርታችሁ እዩ። ቅላቱ ከቲዩቡ ጋር ከሄደ ቲዩቡ ነው። እዚያው ሶኬት ላይ ከቀረ ባያሱ (ቲዩቡ ከልክ በላይ እንዳይሠራ የሚገድበው ቮልቴጅ) ጠፍቷል ወይም ካፓሲተር እያፈሰሰ ነው፤ እሱ ሳይጠገን አዲስ ቲዩብ አታስገቡበት፣ እሱንም ያቃጥለዋል።